ናፍጣው ይሻላል ያልኩ ዕለት

ይህን ነገር ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ለሚስቴ ያልነገርኳት አፍሬ ነው። ለነፍስ አባቴ ለመምሬ ሽፈራው ያልነገርኩበት ምክንያት ግን የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነው፤ በእኔ ኃጢአት የተነሳ በየጧቱ መኪና ሲገፉ ከኖሩት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጥምጥማቸውን ጠበቅ አድርገው ይገፋሉ። ሞተሩ ሲነሳ ጭሱ ውስጥ ቆመው «ተባረክ ልጄ» ይሉኛል። ታዲያ እንዴት አድርጌ ነው «አባቴ፣ ያ ሁሉ ልፋት በእኔ ተንኮል የመጣ ነው» የምላቸው? በየዓመቱ ሐሜቱንም፣ ስካሩንም፣ ጾም መሻሬንም ዘርዝሬ ተናዘዝኩ። ይህችን ግን ሆድ ይፍጃት ብዬ ዘለልኳት። እንግዲህ በወረቀት ጽፌዋለሁና እናንተ ስሙኝ።

ስሜ ተክሌ ነው። ደብረ ብርሃን ጋራዥ ውስጥ ሦስት ዓመት ዘይት ተቀብቼ ወደ ትውልድ መንደሬ፣ መንዝ ወዳለችው ቀየት የተመለስኩ መካኒክ ነበርኩ። መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ነው፤ ያኔ ቀየት ላይ መካኒክ እንጂ የሚጠገን መኪና አልነበረም። አልፎ አልፎ የእህል ወፍጮ ሞተር ሲበላሽ እጠራለሁ። ወፍጮው ደህና ከዋለ እኔ ጦሜን አድራለሁ። የሰው ወፍጮ እንዲሰበር የሚጸልይ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነበርኩ።

በዚህ መሐል ነው እትዬ ዘነበች የጠሩኝ። ከበግ ጠጉር ባና እና ዝተት የሚባሉትን ወፋፍራም ብርድ ልብሶች እያሠሩ ደብረ ብርሃን ድረስ የሚነግዱ ብርቱ ሴት ነበሩ። ልጅ አልወለዱም፤ የወንድማቸውን ልጅ ጌታቸውን ግን ጡት ከጣለ ጀምሮ አሳድገውታል። ጌታቸው በደርግ ጊዜ ጦር ሠራዊት ውስጥ ከባድ መኪና ሲነዳ ቆይቶ፣ ሠራዊቱ ሲበተን አንድ ካፖርትና አንድ መንጃ ፈቃድ ይዞ የተመለሰ ዝምተኛ ሰው ነው። ሥራ አጥቶ መንገድ መንገዱን ማየት ሲጀምር እትዬ ፈሩ። በጎቻቸውን ሸጡ፣ ያስቀመጡትን ባና አውጥተው ሸጡ፣ አሮጌ ፒክአፕ ሊገዙለት ቆረጡ።

«ልጄ እንዳይሰደድብኝ ሥራው ደጁ ይምጣለት ብዬ ነው። አንተ ሞተር ታውቃለህና እይልን» አሉኝ።

ጌታቸው የገብስ አጨዳ ይዞት ቀረ፤ እኔና እትዬ ደብረ ብርሃን ሄድን። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ፒክአፖች ቆመው ጠበቁን፤ ነጩ ቤንዚን፣ ሰማያዊው ናፍጣ። በመንገድ ላይ ለእትዬ ያስረዳኋቸው ሁሉ እውነት ነበር። ናፍጣ ዳገት ላይ ጉልበት አለው፣ ነዳጁ ይረክሳል፣ ጭነት አይፈራም። ቤንዚን እንደ መንዝ ባለ ደጋ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ነዳጅም ይጠጣል፤ ግን በውርጭም ቢሆን ቁልፍ ሲዞር ይነሳል። ሁለቱም ደህና ሞተር ቢሆኑ ኖሮ ናፍጣውን መምረጥ ነውር አልነበረውም።

ሰማያዊው ግን ደህና አልነበረም። ሻጩ ሳያስነሳው በፊት እጄን ሞተሩ ላይ አኖርኩ፤ ሞቋል። እኛ ከመድረሳችን በፊት አሙቀውታል ማለት ነው። ካስነሱት በኋላ የዘይቱን ክዳን ስከፍት ጭሱ እፍ እፍ እያለ ፊቴን መታኝ። ውስጡ ተበልቷል። እንዲህ ያለ ሞተር በቀየት ውርጭ በቁልፍ ብቻ እንደማይነሳ ከወፍጮዎቹ አውቄዋለሁ። ነጩ ደግሞ ቀዝቅዞ አድሮ ሳለ ቁልፉ አንዴ ሲዞር ተነሳ። ድምፁም ንጹሕ ነበር።

«ተክሌ፣ ጌታቸውን የማያስቸግረው የትኛው ነው?» አሉኝ እትዬ።

መልሱ ነጩ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አሰብኩ፤ ነጩ ከተገዛ ጌታቸው ቁልፍ አዙሮ ይሄዳል፣ እኔን ማን ይፈልገኛል? ሰማያዊው ከተገዛ ግን በየጧቱ «ተክሌን ጥሩት» ይባላል።

«ናፍጣው ይሻላል እትዬ» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ ሻጩም ሰባራ ሳንቲም አልሰጠኝም። እትዬም «አንተ ካልክ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

የሻጩ ሾፌር መኪናውን ቀየት አድርሶልን ተመለሰ። በማግሥቱ ጧት ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ሳለ ጌታቸው ካፖርቱን ለብሶ ገባና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አቃሰተ እንጂ አልተነሳም። ባትሪው እስኪደክም አዞረ። ጎረቤት ተሰብስቦ ገፋለት፤ ቁልቁለቱን ወርዶ ታች ዝም አለ። በማግሥቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ሰው መሳቅ ጀመረ። «ጥይት ያልማረከውን ሾፌር ውርጭ ማረከው» አለ አንዱ፤ ቀየት ደግሞ ቀልድ ካገኘ ቶሎ አይለቅም። እኔ አጥር ተደግፌ አይ ነበር። ከሥሩ ፍም አድርገው ዘይቱን ካሞቁት በኋላ ቢገፋ እንደሚነሳ አውቃለሁ። አልነገርኩትም። ቆሜ አየሁት እንጂ አልነገርኩትም።

ጌታቸው እኔ ዘንድ መጣ። «ተክሌ ወንድሜ፣ ምኑን ነው የሳትኩት? ንገረኝና ልማር» አለኝ።

«መኪናው ደህና ነው። ናፍጣ እጅ ይመርጣል፤ ያንተ እጅ አልሆነውም» አልኩት።

እጆቹን ገልብጦ አያቸው። በየትኛው አፌ ተናገርኩት? ለእትዬ የዋሸሁት የማይረባ መኪና አስገዛ፤ ይህኛው ግን ሰው ሰበረ። ሁለት ሳምንት ታግሎ፣ ሁለት ሳምንት ተስቆበት፣ አንድ ቀን «ሥራ ልፈልግ» ብሎ አዋሽ፣ ጥጥ እርሻ ወረደ። እትዬ እስከ መሐል ሜዳ ከተማ ሸኝተውት ሲመለሱ ዓይናቸው አብጦ ነበር።

እሱ በሄደ በማግሥቱ የኩበት ፍም በቆርቆሮ አድርጌ ከሞተሩ ሥር አስገባሁ፣ ሰዎቹን አስገፋሁ፣ ተነሳ። እልል ተባለልኝ። እኔም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ የጌታቸው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስናገር ምስጋና አፌን ይሞላዋል፤ የሌባ ምስጋና ነው፣ ግን ከልቤ ነው። እትዬ ዘነበች ያላደረጉልኝ ምን አለ? መንጃ ፈቃድ አስወጡኝ። ታምሜ ስተኛ በማንኪያ አጥሚት አጎረሱኝ። ሚስት ሳጭ በእናትነት ሽማግሌ ላኩ። የመጀመሪያ ልጄን የጠቀለልኩበት ባና ጠጉሩ የተፈተለው በእሳቸው እጅ ነው። በዚያች መኪና ምጥ የያዛትን ወደ መሐል ሜዳ አደረስኩ፣ ገብስ አመላለስኩ፣ ሙሽራ አጀብኩ፤ አገሬው ሁሉ መረቀኝ። መምሬ ሽፈራውም ጎረቤቱም ዓመት ከዓመት አንድ ቀን ሳያጉረመርሙ ገፉልኝ። በሕይወቴ የቀመስኩት ደግነት ሁሉ የመጣልኝ እዚያ ወንበር ላይ በመቀመጤ ነው። ሳመሰግናቸው ያፈርኩትን ያህል በምንም አፍሬ አላውቅም።

ጌታቸው አልፎ አልፎ ደብዳቤ ይልክ ነበር። ሲመጣም ለፋሲካ ሁለት ቀን ሰንብቶ ይመለሳል። እትዬ «እዚሁ ቅር» ሲሉት «እዚህ ምን እሠራለሁ?» ይላል፤ እኔም እየሰማሁ ምግቤን እበላለሁ።

ከአሥር ዓመት በላይ እንዲህ ኖርን። እትዬ አልጋ ላይ ወድቀው የሚድኑ ያልመሰላቸው ጊዜ አስጠሩኝ። እጄን ያዙና «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ልጄ ቢሄድብኝ አንተን ተካልኝ። ጡረኸኛልና ልጆችህ ይጡሩህ» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ።

እግዜር አይደለም የተካኝ፤ ራሴን የተካሁት እኔ ነኝ። ያን ሰዓት እውነቱን ብነግራቸው ቢረግሙኝም እንኳ ጌታቸውን ካለበት አስጠርተው፣ ስለዚያ መኪና እውነቱን ነግረውት ይሞቱ ነበር። እኔ ግን የእሱን ምርቃት አሜን ብዬ ወሰድኩ። ሦስት ቀን ቆይተው አረፉ።

ጌታቸው የደረሰው በተቀበሩ ማግሥት ነው። አልቅሶ ሲወጣለት ትከሻዬን ሳመኝና «እናቴን ስለጦርክልኝ እግዜር ይስጥህ» አለኝ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። የመኪናውን ቁልፍ ዘረጋሁለት፤ «መቃብሩ ድረስ አንተ ንዳ» አልኩት። እጆቹን ወደ ኋላው አደረገ። «ተው ተክሌ፣ ከዚያ ወዲህ መሪ ነክቼ አላውቅም። ለካ ሠራዊት ውስጥም የኖርኩት በዕድል ነው» አለ። ያንኑ ቀን ልነግረው ይገባ ነበር፤ ልቅሶ ነው፣ ጊዜው አይደለም ብዬ ራሴን አታለልኩ። እሱም አዋሽ፣ ጥጥ እርሻው ላይ ወዳገኘው የዘበኝነት ሥራ ተመለሰ።

ድሃ ነበርኩ፣ ጦሜን አድር ነበር ብዬ ልከራከር እችላለሁ። እውነትም ነው። ግን ስንት ድሃ አለ መንዝ ላይ፣ የጎረቤቱን ልጅ ከናቱ ሳይነጥል የሚያድር! ለመምሬ ሽፈራው በዚህ ሳምንት እነግራቸዋለሁ፤ ንስሐውን እንደፈረዱብኝ እፈጽማለሁ። ይህን ወረቀት ግን ራሴ ይዤ አዋሽ እወርዳለሁ።

ጌታቸው፣ ስታነበው አጠገብህ ቆሜ እሆናለሁ፤ ብትመታኝ አልሸሽም። እናትህ ላደረጉልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ፤ ያንተን ነው ያበሉኝ። ያ ሞተር ሲገዛም የሞተ ነበር፤ አውቄ ነው ያስገዛሁት፣ ማስነሻ ዘዴውንም አውቄ ነው የደበቅሁህ። ይቅርታህን ለመጠየቅ ፊት የለኝም፤ አንድ ነገር ብቻ እመነኝ። አንተ ጥሩ ሾፌር ነበርክ።