የአደይ ለተብርሃን በር

ዛሬ ጠዋት ሰፈራችን ገጀረት ውስጥ፣ ሰው የማይኖርበት ቤት ለእናቴ ሰላምታ መለሰላት።

የነፃነት ሰሞን ሰፈራችን ወረርሽኝ ገብቶ ነበር። ጎረቤታችን አደይ ለተብርሃን ካርቶን ላይ በከሰል «ታምመናል፤ አትግቡ። ከውጭ ሰላም በሉን» ብለው ጽፈው በራቸው ላይ ሰቀሉ።

እናቴ በየጠዋቱ በትግርኛ «ደሓንዶ ሓዲርኪ?»፣ ደህና አደርሽ ወይ፣ ትላቸዋለች። እሳቸው የቆርቆሮውን በር ከውስጥ ያንኳኳሉ።

አንድ ጠዋት መልስ ጠፋ።

ካርቶኑ ከወደቀ ስንት ዘመኑ! እናቴ ግን እስከ ዛሬ ያንን በር ሰላም ሳትል አታልፍም። (እኔን እንኳ እንዲህ አዘውትራ ደህና አደርክ አትለኝም።)

ዛሬም አለች። ከውስጥ ተንኳኳ።

ቤቱን ሊያድስ የገባ ሠራተኛ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ገብቼ ግን አላየሁም።

እናቴ አልደነገጠችም። በሩን እያየች «ቆየሽብኝ እኮ» አለች።

እናንተስ፣ ሰላም የምትሉት የተዘጋ በር አላችሁ?