በልጄ አባት ቀናሁ

ልጄ የደም ካንሰር እንዳለባት ሲነገረን ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። ከዚያ በፊት ለሳምንታት ደከመኝ ትል ነበር። ቦሌ አራብሳ ያለው ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃውን በሩጫ ትወጣ የነበረች ልጅ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ ማለት ጀመረች። ቀጥሎ ሳትወድቅ፣ ሳትመታ እግሮቿ ይበልዙ ጀመር። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ገላዋን የማጥባት እኔ ነበርኩ። የምትወደውን፣ የምትፈራውን፣ እንቅልፏ ሲመጣ የትኛውን ጆሮዋን እንደምታሽ የማውቀውም እኔ ነበርኩ።

አባቷ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ከጎሮ መገናኛ ይሠራል። ሳትነቃ ወጥቶ ከተኛች በኋላ ስለሚገባ በደንብ የምታየው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ቤተሰባችሁን ሳሉ ተብለው እኔንና ራሷን ሶፋ ላይ ሳለች፤ እሱን ወረቀቱ ጥግ ላይ መኪና ውስጥ አስቀመጠችው። እኔ ሥዕሉን አይቼ በጣም ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ሐኪሟ ሕክምናው ከሁለት ዓመት በላይ እንደሚወስድ፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ እንደሆኑ፣ ቢሆንም ብዙ ልጆች እንደሚድኑ ረጋ ብላ አስረዳችን። እኔ ብዙ ጠየቅኩ። እሱ የጠየቀው ማን አብሯት መዋል እንዳለበት ብቻ ነው። ሐኪሟ ሳትመልስለት እኔ ነኝ አልኩት።

ቤት ስንደርስ ግን እንደዚያ ሊሆን እንደማይችል ለሁለታችንም ገባን። የምሠራው ሃያ ሁለት አካባቢ ባንክ ውስጥ ነው፤ የቤተሰቡን ሕክምና የሚሸፍነውም የእኔ መሥሪያ ቤት ነው። እኔ ሥራ ከለቀቅኩ ሽፋኑም ይቀራል። እሱ፣ «መኪናውን ጓደኛዬ ይያዘው። አንቺ ሥራሽን ያዢ፤ እኔ ከእሷ ጋር እውላለሁ» አለኝ። የሚያከራክር ነገር አልነበረውም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሴ የሆነ ነገር የተወሰደብኝ መሰለኝ።

መጀመሪያ ላይ ይሳሳታል ብዬ ጠበቅኩ። የቱን መድኃኒት ከምግብ በፊት፣ የቱን ከምግብ በኋላ እንደሚሰጣት፣ ምን ስትበላ እንደሚያቅለሸልሻት በወረቀት ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩለት። በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቱ ወድቆ አገኘሁት፤ ያነሳው ሰው አልነበረም። አላስፈለገውም። የመድኃኒቶቹን ስም በቃሉ ይዟል፤ የደሟን ውጤት አይቶ ነጭ የደም ሴሏ መውረዱን ከእኔ በፊት ይናገራል። ፀጉሯ መርገፍ ሲጀምር የላጫት እሱ ነው፤ ከሥራ ስመጣ አልቆ ነበር። ሁለቱም ተላጭተው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ለምን አልጠበቃችሁኝም ብዬ ተቆጣሁ። ትራሷ ላይ የወደቀውን ፀጉር አይታ ስለተረበሸች መሆኑን ነገረኝ። ትክክል መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አስፈቅጄ ሆስፒታል ሄድኩ። ኬሞው በክንዷ እየገባ ነበር። አባቷ ከግሉኮስ መስቀያው አጠገብ ቆሞ እንደ ታክሲ ረዳት ይጣራል። መድኃኒቱ በጎደለ ቁጥር አንድ ፌርማታ ያልፋሉ፤ ጎሮን አልፈው ጃክሮስ ደርሰዋል። በአጠገቧ ያለው አልጋ ላይ የተኛችው ልጅም ተሳፋሪ ናት። ልጄ ስገባ አየችኝና፣ «ኡሚ፣ ታክሲው ሞልቷል» አለችኝ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልወጣ ስል ደግሞ አዲስ ነርስ መጥታ ለልጅቷ ምኗ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። እናቷ ነኝ አልኳት። ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ይቅርታዋ ከጥያቄዋ የባሰ ሆነብኝ።

በክፍሉ ያሉ እናቶች ሁሉ ያመሰግኑታል። አንዷ፣ ከኮምቦልቻ ልጇን ይዛ የመጣች ሴት፣ እንዲህ ያለ አባት አላህ ስለሰጣት ልጄ የታደለች እንደሆነች ነገረችኝ። እኔ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር፣ ልቤ አልጋዋ ሥር እንደሚውል ማንም አያውቅልኝም ነበር።

ማታ በሩን ስከፍት ልጄ ታለቅሳለች። አፏ ስለቆሰለ፣ እግሯን ስለቆረጠማት፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት። እሱ ደግሞ ሁልጊዜ፣ «ቀኑን ሙሉ ደህና ነበረች እኮ» ይለኛል። ያቺን ንግግር ጠላኋት። ስትመጪ ነው የሚብስባት ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ የማፍርበትን ነገር አደረግኩ። በየተወሰነ ጊዜ ወገቧ ላይ በመርፌ መድኃኒት ይሰጣታል። ጉልበቷን አጥፋ ተኝታ አንድ ሰው ጭንቅላቷን ይይዝላታል፤ ያ ሰው ሁልጊዜ አባቷ ነበር። እኔ የዓመት ፈቃድ ወሰድኩና በዚህ ቀን እኔ እወስዳታለሁ፣ አንተ ቤት እረፍ አልኩት። መምጣት ፈልጎ ነበር። አልቀበልም ስለው ተወው። አባቷን አቢ ነው የምትለው፤ መንገድ ላይ ለምን እንደቀረ ጠየቀችኝ።

«ደክሞታል» አልኳት። «ዛሬ መምጣት አልፈለገም።»

መርፌው ሲገባ ጣቶቼን ይዛ ዓይኗን ጨፈነች፤ አላለቀሰችም። ቤት ስንመለስ አባቷ ሊያቅፋት እጁን ሲዘረጋ አልፋው ሄደች። ምን እንደሆነች ጠየቀኝ፤ አላውቅም አልኩት። ሁለት ቀን ሙሉ የበላችው በእኔ እጅ ነው፤ የተኛችውም ክንዴ ላይ ነው። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየን፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ልብስ ሳጥፍ አባቷ ክፍሏ ገባና ወዲያው ጠራኝ። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ትንቀጠቀጣለች። ሙቀቷ በጣም ከፍ ብሎ ነበር። ብርድ ብርድ ካለሽ ቶሎ ንገሪኝ ብሎ አስተምሯት ነበር፤ ከነጋ ጀምሮ እየበረዳት ዝም ብላ ነበር። ለምን እንዳልነገረችው ሲጠይቃት፣ «ደክሞሃል ብዬ ነው» አለችው።

እሱ ምንም አልገባውም። እኔ ገባኝ። ደረጃውን ተሸክሟት ሲወርድ ከኋላ ጫማዋን ይዤ ተከተልኩ።

ኢንፌክሽን ገብቷት ስምንት ቀን ተኛች። ሐኪሟ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ሕይወቷን ለማትረፍ ያስቸግር እንደነበር ነገረችን። ትኩሳቷ በአራተኛው ቀን ወረደ። ትንሽ እርጎ ከጠጣች በኋላ አባቷ ባለበት ነገርኳት።

«አቢ ያን ቀን መምጣት ፈልጎ ነበር። የከለከልኩት እኔ ነኝ። ደክሞታል ያልኩሽም ውሸቴን ነው።»

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

«በማን?»

«በአቢ።»

መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሱን አየች። ትልቅ ሰው ሊቀና እንደሚችል የሰማችው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ከዚያ ፊቷን ወደ አባቷ አዙራ እጇን ሰጠችው፤ ወደ እኔ አልተመለሰችም። የሚገባኝ ነበር።

እሱ ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ መስኮቱን ተደግፎ ቆመ። ተከትዬው ወጣሁ፤ ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ወደ ውጭ እየተመለከተ፣ ሳይዞር ተናገረ።

«እኔ ጋ አታለቅስም። እያመማት እንኳ ትስቅልኛለች፤ እንዳልሰጋ ብላ። ማታ አንቺ ስትመጪ ነው የምታለቅሰው። ስንት ጊዜ እኔ ጋም አልቅሺ ብያታለሁ። እምቢ አለችኝ።» ከዚያ፣ «በዚህ እኔም እቀናብሽ ነበር» አለ። «ውሸት ግን አልነገርኳትም።»

ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። እሺ ያለኝ ያን ቀን አይደለም፤ ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነው፣ ያውም እንደዋዛ፣ መድኃኒቷን እየቆረስን ሳለ።

ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት ገደማ ታገልን። መሥሪያ ቤቴ በወር ሁለት ቀን እንድቀር ፈቀደልኝ፤ በእነዚያ ቀናት ሦስታችንም አብረን እንሄድ ነበር። ቅናቱ እንደ ትኩሳት በአንድ ጊዜ አልወረደልኝም። አሁንም ድረስ የሁለቱ ብቻ የሆኑ ቃላት አሏቸው፤ ሲሳሳቁ ሰምቼ ምንድን ነው ስላቸው ሊያስረዱኝ ይሞክራሉ፣ አይገባኝም። ያኔ ደረቴ ውስጥ ያ የድሮው ነገር ብቅ ይላል። ግን አሁን ሲመጣ አውቀዋለሁ፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ሕክምናዋን ከጨረሰች ዓመት አለፋት። ለክትትል በየጊዜው እንሄዳለን፤ የደም ውጤት በጠበቅን ቁጥር ሁለታችንም ዓይናችንን ከሐኪሟ በር ላይ አንነቅልም። እስካሁን አልሐምዱሊላህ ደህና ናት። እሱም ወደ መኪናው ተመልሷል፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ቤቱ እየናፈቀው ማታ ማታ ከመንገድ ይደውልና ምን እንደበላች ይጠይቃታል። እሷ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ ክፍሏ ትገባና በሩን ትዘጋለች። እኔ ሳሎን እቀመጣለሁ።