የአባዮ የውሃ ተራ

ያን ቀን ከማሳው ጫፍ፣ ከግራሩ ሥር የተሰበሰብነውን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። የውሃ ተራ የሚያስከብረው ሰው ነበረ፤ የውሃ አባት እንለዋለን፣ በዕድሜ ግን ከእኔ ያንሳል። የግብርና ባለሙያዋ ነበረች፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ከእኛ በታች ቃሪያ የምትተክለው ጎረቤቴ ነበረች፣ ፊቷን አጥቁራ። ፍየል ጠባቂው ሽማግሌ ነበሩ፣ ፍየሎቻቸውም ከኋላቸው ቆመው የሚያዳምጡ ይመስሉ ነበር። አባዮ ትንሿን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። እኔም ነበርኩ። የመጣነው የአባዮ ማሳ ይወሰድ ወይስ ይቆይላት የሚለውን ለመጨረስ ነው።

አባዮ ስሟ አይደለም። በሶማሊኛ እህት ማለት ነው፤ እሷ አባዮ ትለኛለች፣ እኔም መልሼ አባዮ እላታለሁ። ከሶማሊያ ተሰዳ የመጣች ናት። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ፣ መልካ ጀብዱ አጠገብ የእኛ ማኅበር በአንድ ጉድጓድና በአንድ ፓምፕ የሚያለማው መሬት አለ። ከዚያ ላይ ለስደተኞችም ትንሽ ትንሽ ማሳ ሲሰጥ ባለሙያዋ ቤቴ ድረስ መጣች።

"ጀማሪዎቹን የሚያለማምድ ሰው ቸግሮናል። ሦስት ብትወስጂስ?" አለችኝ።

ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ደግሞ ስጉ ሰው ነኝ። ከቤት ስወጣ የከሰል ምድጃው መጥፋቱን ሁለቴ አያለሁ፤ ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ባጃጁን አስመልሼ ሦስተኛ ያየሁበት ቀንም አለ። ልጆቼ ይስቁብኛል።

"አንድ ይበቃኛል" አልኳት። "ሦስት ከሆኑ የትኛዋ ምን ታጠፋ ይሆን እያልኩ አልተኛም።"

አንዷ አባዮ ሆነች። ማሳው የተሰጣት ለሙከራ ስለነበር ሕጉን እንደምታከብር ዋስ ሆኜ ፈረምኩላት። ከመፈረሜ በፊት ወረቀቱን አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

አባዮ ዶማ ይዛ አታውቅም። ያደገችው ከግመልና ከፍየል ጋር ነው። የመጀመሪያው ቀን ዶማውን ትከሻዋ ላይ አጋድማ፣ ሁለት እጆቿን ሰቅላበት ቆመች። ጎረቤቴ አየቻትና "አቦ፣ ይቺ ሽንኩርቱን ልትተክለው ነው ልታግደው?" አለች። አባዮ ነገሩን ስተረጉምላት ከሁላችንም በላይ ሳቀች። እኔ ያኔ ነው የወደድኳት።

መደብ ማውጣት፣ ችግኝ ሳይሰበር መንቀል፣ በአንድ ጋት ርቀት መትከል፣ ፀሐይ ሳይበረታ ማጠጣት፣ ይህን ሁሉ በእጄ እያሳየኋት በእጇ አስደገምኳት። በቃል የነገርኳት ይጠፋባታል፤ በእጇ የሠራችው አይጠፋም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ከሩቅ ጠራችኝ።

"አባዮ፣ ሁለቱ የሉም!"

"ምኖቹ?"

"ሽንኩርቶቹ።"

"ቆጠርሻቸው እንዴ?"

"ምን ይቆጠራል? አየኋቸው እኮ።"

ሄጄ ባይ እውነቷን ነው። ያን ሁሉ ችግኝ በዓይኗ ብቻ አልፋ፣ ከመሃል ከሥራቸው የተቆረጡትን ሁለቱን ለይታለች። ፍየል ጠባቂ ከመንጋው የጎደለችውን ሳይቆጥር እንደሚያውቅ ማለት ነው። አፈሩን በጣቴ ስጭረው የሰባ ቆራጭ ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል። በዚያው ቀን ማኅበርተኛው ሁሉ ማሳውን ፈተሸ፤ ትሉም ሳይዛመት ተለቀመ። ይቺ ሴት ገበሬ እንደምትሆን ከዚያ ወዲያ ተጠራጥሬ አላውቅም።

ያሰጋኝ ውሃው ነበር። ሕጋችን አጭር ነው፤ ሰው በተራው ማሳውን ያጠጣል፣ ውሃ ከቦይ ወደ ውጭ የለቀቀ ሰው ይመከራል፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከለቀቀ ማሳውን ይመልሳል። አባዮ በተራዋ ስታጠጣ ሽማግሌው ፍየሎቻቸውን ይዘው ይመጡና የማሳው አጥር ጫፍ ላይ ዝም ብለው ይቆማሉ። አይለምኑም። እሷ የቦዩን አፈር በእግሯ ገፋ ታደርግላቸዋለች፣ ፍየሎቹም አጥሩን ዘለው ይወርዳሉ። መጀመሪያ አንድ መደብ ረገጡ። በሁለተኛው የጎረቤቴ ቃሪያ ተነካ።

ከሁለተኛው ምክር በኋላ ለብቻዋ አነጋገርኳት።

"እምቢ በይ እንጂ።"

"ማንን?"

"ሽማግሌውን። ውሃ የለም በያቸው።"

ቦዩን ዝቅ ብላ አየችው። ውሃው በመሃላችን ይሄዳል። "ይኸው እየሄደ? ዓይነ ስውር አደረግሻቸው?"

ተናድጄም ሳቄ መጣ። እሷ ግን አልሳቀችም። ድንበር ስትሻገር ልጇን አዝላ ውሃ አልቆባት እንደነበር ነገረችኝ። አንድ የማታውቀው ግመል ነጂ ከጀሪካኑ ቀድቶ ለልጅቷ አጠጣ፣ ከዚያ ለእሷ፣ ራሱ በመጨረሻ ጠጣ። "ስሜን እንኳን አልጠየቀኝም" አለች። "እኔ ዛሬ ውሃ ከለከልኩ ብዬ ለማን ልናገር?"

ዶማዬን አንስቼ ወደ መደቤ ተመለስኩ። በሳምንቱ ሦስተኛውን ለቀቀች፤ የጎረቤቴ ተራ ሲደርስ ውሃው ወደ መንገዱ ፈስሶ አልቋል። ግራሩ ሥር የተሰበሰብነው በማግስቱ ነው።

"ሕጉን ሁላችንም ፈርመንበታል። ሦስተኛዋ ናት" አለ የውሃ አባቱ።

"እኔ ውሃ አልለመንኩም" አሉ ሽማግሌው።

"ፍየሎችዎስ፣ አዴር?" አለ የውሃ አባቱ። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ሲያከብርም ሲያሾፍም ይጠቀምበታል።

"እነሱም አፋቸውን አልከፈቱም።"

"ቃሪያዬ ላይ ከፍተዋል!" አለች ጎረቤቴ። "የሚያቃጥለው ቃሪያ ነው እኮ፣ ምን ዓይነት ፍየሎች ናቸው?"

"የድሬ ፍየሎች" አሉ ሽማግሌው፣ ባለሙያዋ አፏን በደብተሯ ሸፈነች።

አባዮ ብቻ ልጇን አጥብቃ ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ያ ማሳ ከሄደ የምትሄድበት የሰው ቤት ልብስ አጠባ እንደሆነ፣ ልጅቷንም የምታስቀምጥበት እንደሌላት አውቃለሁ። ሰው ፊት መናገር አልወድም። ያኔ ግን ተነሣሁ።

"ከአጥሩ ውጭ ገንዳ ይቀመጥ" አልኩ። "በራሷ ተራ፣ ከራሷ ውሃ፣ ገንዳው እስኪሞላ ትልቀቅና ትዝጋ። ከእሷ በታች ያለ ሰው ምንም አይጎድልበትም። ፍየሎቹ አጥሩን አያልፉም። አዴርም ሲመጡ አንድ ጆንያ ፍግ ያምጡላት።"

"ፍግ?" አሉ ሽማግሌው። "እኛ ዘንድ ነፋስ ነው የሚወስደው። ሁለት ጆንያ አመጣለሁ።"

ባለሙያዋ ወደ አባዮ ዞረች። "ውሃሽ ያንሳል፣ ሽንኩርትሽም ያንሳል።"

"ይነስ" አለች አባዮ።

"ገንዳውስ ከየት ይመጣል?" አለኝ የውሃ አባቱ።

"ከቤቴ።"

ይህን ያልኩት ቀልሎኝ አይደለም። ድሬ ውሃ ሲጠፋ ያየ ሰው ይገባዋል። ቤቴ ሦስት በርሜል አለኝ፤ አንዱ ለመጠጥና ለወጥ፣ አንዱ ለልብስ፣ ሦስተኛው ምን እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ሁልጊዜ ሞልቶ ተከድኖ የሚቀመጥ። የሰጠሁት ሦስተኛውን ነው። ትልቋ ልጄ ስትሰማ ግንባሬን በእጇ ዳሰሰች። "እማዬ፣ ትኩሳት አለሽ እንዴ?"

የውሃ አባቱ ራሱ መጋዝ ይዞ መጥቶ በርሜሉን በቁመቱ ሁለት አደረገው። እኔ ጠርዙ የፍየሎቹን አንገት እንዳይቆርጥ አሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ ቀድጄ ዙሪያውን ጠመጠምኩበት።

"እትዬ፣ ለፍየል አንገት ያዘንሽውን ያህል ለእኔ ብታዝኚ" አለኝ። "አንድ ወር አያለሁ። አንዲት ፍየል አጥሩን ካለፈች ማሳው ተመላሽ ነው።"

በየተራዋ እየሄድኩ ከአጥሩ ሥር ቆምኩ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ካደረግኩ በኋላ አባዮ በትከሻዬ ይዛ ወደ መንገዱ አዞረችኝ። "ሂጂ፣ ምድጃሽን እዪ። እዚህ እኔ አለሁ።" እውነትም ነበረች። ወሩ ሲያልቅ አጥሩን ያለፈች ፍየል አልነበረችም። የመጀመሪያው ሽንኩርቷ ከእኔው አነሰ። ፍግ የገባበት ሁለተኛው ግን እኩል ሆነ፣ እንዲያውም የእሷው ይቀላ ነበር። ጎረቤቴ ሳይቀር "አዴር፣ ለእኔም አንድ ጆንያ" ማለት ጀመረች። ባለሙያዋ ሌሎች ጀማሪዎች ስታመጣልኝ አሁን አልፈራም። አራት ተቀብያለሁ፤ ሁሉንም መጀመሪያ አባዮ ዘንድ ወስጄ መደቧን አሳያቸው ነበር።

ከዚያ እናቷ ድንበር ተሻግረው መጠለያ ገብተዋል የሚል ወሬ ደረሳት። "ስምንት ቀን" ብላኝ ልጇን ይዛ ሄደች። ስልኬን በወረቀት ጽፌ አንዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩ፣ አንዱን ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠርኩ፣ አንዱን በልጅቷ ቀሚስ እጥፋት ሰፋሁ። ይኸው ሦስተኛ ወሯ ነው። ስልኳ አይሠራም።

አንድ ወቅት ሳይዘራበት ያደረ ማሳ ለሌላ ተረኛ ይሰጣል። ስለዚህ በተራዋ ቀን እኔ እያጠጣሁላት ነው። የውሃ አባቱ መጥቶ "የሰው ተራ ላይ ነሽ፣ እትዬ" አለኝ።

"የአባዮ ተራ ነው" አልኩት። "እጇ እኔ ነኝ።"

"እስከ ክረምቱ ድረስ አላየሁሽም" አለና ሄደ።

ችግኙን አፍልቻለሁ፣ መደቡንም አውጥቻለሁ። ክረምቱ ሲመጣ ማሳው ባዶ ሆኖ አይገኝም፤ በዚህ አልሰጋም። የምሰጋው ለእሷ ነው። ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናት፤ ሦስት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጅ ይዛለች፤ ምናልባት አንዲት አሮጊትም አብረዋት ይኖራሉ። በመጠለያም ሆነ በመንገድ ያያት ሰው ካለ፣ ማሳሽ አለ ብሎ ይንገራት፤ ለእኔም የደህንነቷን ወሬ ይላክልኝ።