ጀልባዋ ላይ የቀረው ሰው

ከጄኔቫ ለእረፍት ዛንዚባር ሄደን፣ ከሰዓት በኋላ ስድስት ሰዎች ሆነን በትንሽ ጀልባ ለዳይቪንግ፣ ባህር ውስጥ ለመጥለቅ፣ ወጣን። ፊት ለፊታችን አንድ የዙሪክ ሰው ተቀምጧል። ኮፍያው ላይ ዙሪክ አጠገብ ያለ የኦፕፊኮን ሆቴል ስም አለ። ከአሰልጣኙ ጋር በጀርመንኛ ብቻ ስለሚያወራ የኛ ሰው አልመሰለንም። የሁላችንንም ፎጣ ሰብስቦ፣ ጠርዙን ከጠርዝ እያጋጠመ፣ የሆቴል አልጋ ላይ እንደሚቀመጠው ያጥፋል። የመጥለቂያ ልብስ ግን አልለበሰም።

«ይሄን ሁሉ መንገድ መጥቶ ውሃ ፈራ» አልኳት ለጓደኛዬ ለነስሪን፣ በአማርኛችን ተማምኜ። «ፎጣ ለማጠፍማ እዚያው ኦፕፊኮን አይሻለውም ነበር?»

ነስሪን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሰውየው ቀና አላለም።

ተራዬ ደርሶ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ስቀመጥ ከኋላዬ መጣ።

«እትዬ፣ አንዴ ይቆዩ» አለኝ ጥርት ባለ አማርኛ። «የአየሩ ሲሊንደር አልተከፈተም።»

ከፈተልኝ፤ ማሰሪያዬንም ጠበቅ አደረገው።

«እኔ ባህር አንዴ ገብቻለሁ፤ ከሊቢያ ስንመጣ ጀልባችን ተገልብጣ» አለ ዝቅ ብሎ። «ዛሬ ፍርሃቱ ይለቀኝ እንደሆነ ብዬ ነበር። እርስዎ ይግቡ፣ አይዞዎት።»

ገባሁ። ታች ምን ዓይነት ዓሣ እንዳለ ነስሪን ትንገራችሁ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።