ለጫላ የሰጠሁት ክኒን

ዘመኑ 2006 ዓ.ም. ነው። አምቦ ሜዳ ላይ ለአትሌቲክስ ክለቡ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አሰልጣኝ ደረጀ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አየኝና፣ "አዲሱ ወጌሻ አንተ ነህ?" አለኝ።

"ነኝ" አልኩት።

"እስከ ዛሬ የእነማንን እግር አሽተሃል?"

የመጣሁት ከወንጪ ነው። እዚያ የኖርኩት እንግዳ ተሸክመው ወደ ሐይቁ የሚወርዱ ፈረሶችን እግር እያሸሁ ነበር። ሰው የሚመጣልኝ አልፎ አልፎ ነው፤ ያውም ከፈረስ ሲወድቅ። "የብዙ ሯጮችን" አልኩት። "ስማቸውን ብነግርህ ግን አታውቃቸውም።" ዳማንና ቦራን ከየት ያውቃቸዋል?

አንድ ጥቁር ቦርሳ ሰጠኝ። ውስጡ የሚረጭ ማደንዘዣ፣ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ የማሻ ቅባት፣ መቀስና የበረዶ ከረጢት ነበረበት። ከቦርሳው ጋር ከጀርባው "የሕክምና ባለሙያ" የሚል ጃኬት ተሰጠኝ። በክለቡ ማዕረግ ከምክትል አሰልጣኙ በታች፣ ከሹፌሩ በላይ ነበርኩ። ሹፌሩ ግን ይህን እስከ መጨረሻው አልተቀበለም።

እጄን አልወቅሰውም። የወለቀ መመለስ፣ የተሳበ ጅማት ማላላት፣ የተሸማቀቀ ባት ማፍታታት ከአባቴ ተምሬያለሁ። ችግሩ ያለው ከእጄ በላይ፣ ከአንገቴ በላይ ነበር።

በዚያን ጊዜ የከተማው ጎረምሶች ብረት ማንሳት ጀምረው ነበር። አንዱ ደረቱ ድንገት ሰፍቶ ካየሁት "ስቴሮይድ ነው" እላለሁ። ሌላው ኩላሊቱን አመመው ሲባል "ስቴሮይድ ነው"። አንዱ ጥርሱን ይዞ ሲያቃስት እንኳ "መጀመሪያ ምን ሲውጥ እንደነበር ጠይቁት" ብያለሁ። ለሰው በሽታ ሁሉ ጥፋተኛ አግኝቼለት ነበር። ለአትሌቶቻችንም፣ "ጡንቻ የሚሸጥላችሁ ሰው ጉበታችሁን ይወስዳል" እያልኩ እሰብካለሁ። አባባሉን የፈጠርኩት ራሴ ነኝ፤ በጣም እወደው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ወገቤን ያዘኝ። ወገቡን ያመመው ወጌሻ ማን ዘንድ ይሄዳል? ሰው እንዳያየኝ ግራ ቀኙን ቃኝቼ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ባለሙያው ትንንሽ ነጭ ክኒኖች ቆጥሮ ሰጠኝ። "ፕሪድኒሶሎን ይባላል። እብጠት ያጠፋል፣ ሕመም ያስታግሳል። ከአምስት ቀን ግን እንዳታሳልፍ፤ ሐኪም ሳያዝልህም እንዳትደግመው" አለኝ። በሦስተኛው ቀን ወገቤ ተሻለው። ከተነገረኝ ሁሉ "እብጠት ያጠፋል" የሚለው ብቻ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ።

ጫላ የክለባችን የአሥር ሺህ ሜትር ሯጭ ነበር፤ የጉደር ልጅ፣ ዝምተኛ፣ ሲሮጥ ድምፁ የማይሰማ። ያን ዓመት የተረከዙ ጅማት አበጠበት። በረዶ ያዝኩበት፣ አሸሁት፣ በፋሻ ጠቀለልኩት፤ እብጠቱ ወይ ፍንክች። ባኮ ላይ ውድድር ነበር፤ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አሰልጣኝ ደረጀ በየቀኑ "ታዴ፣ ልጁን አድርስልኝ" ይለኛል።

እኔን ያሻሉኝን ነጭ ክኒኖች ጨምሬ ገዛሁና በወረቀት ጠቅልዬ ለጫላ ሰጠሁት። "ቪታሚን ነው። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት" አልኩት።

ለምን ቪታሚን አልኩ? ክኒን ሰጠሁት ብል ሲድን የሚመሰገነው ክኒኑ ነው። እኔ ደግሞ መመስገን እወዳለሁ። ሌላ ምክንያት ብዙ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ጫላ ባኮ ላይ አንደኛ ወጣ። በሳምንቱ እናቱ አዴ ብርቄ ከጉደር መጡ። ገበያ ላይ ሽንኩርት የሚሸጡ፣ ጠንካራ ሴት ናቸው። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ሽንኩርት እግሬ ሥር አስቀመጡና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ኦቦ ታደሰ፣ ሃርኪ ኬሰን ቆሪቻ! እጅዎ መድኃኒት ነው" አሉኝ። እኔም እጄን ዝቅ ብዬ አየሁት፤ አመንኳቸው ማለት ነው።

ዝናዬ ከሽንኩርቱ በላይ ቆየ። ከጊንጪ፣ ከአዲስ ዓለም ሳይቀር እግሩን እየጎተተ የሚመጣ ሰው በዛ። ለእነሱ እጄን ብቻ ሰጠኋቸው፤ ግማሾቹ ሳይድኑ ሲመለሱ "አልታዘዘላቸውም" እል ነበር።

የጫላ ጅማት ግን ክኒኑን ሳቆምበት ያብጣል፣ ስሰጠው ይሟሽሻል። ስለዚህ መስጠቴን ቀጠልኩ። አንዱ መድኃኒት ቤት "ይህ ሁሉ ለማን ነው?" ሲለኝ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። እንዲህ እያልን ስምንት ወር ሞላን።

ጫላ ፊቱ እየሞላ፣ ጉንጩ እየከበበ መጣ። አሰልጣኝ ደረጀ ጎትቶ ወደ ጥግ ወሰደኝና፣ "ይህ ልጅ ይጠጣል እንዴ?" አለኝ።

"ምቾት ነው" አልኩት።

"የሯጭ ምቾት የት አይተህ ታውቃለህ?"

አዴ ብርቄ ግን ደስ ብሏቸው ነበር። "ልጄ ወፈረልኝ" ይላሉ። ቀጥሎ ቀኝ ዳሌውን ማመም ጀመረው። ከዚያ ቀደም ብሎ ወንጪ ለልምምድ ሄደን ቁልቁለቱ ላይ በዚያው ጎኑ ወድቆ ነበርና ከዚያ ነው አልን። እኔም ዳሌውን አሸሁት።

አንድ ቀን ስለ አበረታች መድኃኒቶች ሥልጠና አለ ተባለና የክለቡ ሰዎች በሙሉ አዳራሽ ገባን። ጃኬቴን ለብሼ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከአዲስ አበባ የመጣችው ባለሙያ "ስቴሮይድ ምንድን ነው?" ብላ ስትጠይቅ የማንም እጅ የኔን አልቀደመውም።

"ብረት የሚያነሱ ልጆች የሚወስዱት፣ ጡንቻ አሳብጦ ጉበት የሚጨርስ መርዝ ነው!" አልኩ።

"ጥሩ። እሱ አንደኛው ዓይነት ነው" አለችኝ በትሕትና። "ጡንቻ የማያሳብጥ ሌላ ዓይነትም አለ።" ይህን ብላ ግድግዳው ላይ ሥዕል አበራች። የኔ ክኒን ነበረች። ስሟ ከነእሽጓ፣ ግድግዳውን አክላ። ያን ያህል ገዝፋ አይቻት አላውቅም።

ባለሙያዋ "በውድድር ወቅት በአፍ መውሰድ የተከለከለ ነው" አለች። ቀጥላ ብዙ ነገር አስረዳች። እኔ ግን የጫላ ሽንት ሲወሰድ፣ ሲመረመር፣ እኔም ስታሰር በሐሳቤ እያየሁ ስለነበር አልሰማኋትም። ለካ ከስብከቴ ሁሉ በኋላ የከተማው ስቴሮይድ አዳይ እኔ ነኝ። በዕለቱ ያሳሰበኝ ግን የልጁ ጤና ሳይሆን መያዜ ነበር፤ ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ከአዳራሹ ስንወጣ ጫላን ጠርቼ "ቪታሚኑ ይበቃሃል፤ ከዛሬ ጀምሮ አትውሰድ" አልኩት። እሱም እሺ አለ። ለምን ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ላይ ልምምድ እያደረግን ሳለ ጫላ ቆሞ አስመለሰ። "ሆዴን ነው፣ ጋሼ" አለኝና ጥቂት እርምጃ ሄዶ አስፋልቱ ላይ ተዘረጋ። በክለቡ መኪና ሆስፒታል አደረስነው። አዴ ብርቄ ከገበያ እየሮጡ ደረሱ።

ያየችው ዶክተር ሃና የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። "የደም ግፊቱም ስኳሩም በጣም ወርዷል። የሚወስደው መድኃኒት አለ?" አለች።

ጫላ በደከመ ድምፅ "የለም" አለ።

"ኧረ ምንም የለም!" አሉ አዴ ብርቄ። "የኦቦ ታደሰ እጅ ብቻ ነው የነካው።" ይህን ሲሉ በምስጋና ዓይን ያዩኛል። ዶክተሯም ከኋላዬ አልፋ የጃኬቴን ጀርባ አነበበች።

"እርስዎ የሕክምና ባለሙያ ነዎት?"

"የለም፣ ወጌሻ ነኝ" አልኩ። በሕይወቴ ራሴን ዝቅ ሳደርግ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ምንም ሳልጨምር ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ሐኪም ናት፣ ራሷ ትደርስበታለች አልኩ። ጉሉኮስ ይሰጡትና ይነሳል አልኩ። ብናገር ስሜ ከአምቦ እስከ ባኮ እንደሚጠፋ አሰብኩ። የልጁን መዳንና የኔን ስም ጎን ለጎን አስቀምጬ አመዛዘንኩ፤ ማመዛዘኔ ራሱ ያሳፍረኛል። በበሩ ክፍተት ሳይ ጉሉኮሱ ይወርዳል፣ ጫላ ግን እየገረጣ ነው። አዴ ብርቄ "ያ ረቢ! ያ ረቢ!" እያሉ እግሩን ያሹ ጀመር፤ እኔ እንደማሸው አድርገው።

እግሩን ሲያሹ ማየቱን አልቻልኩም። ተመልሼ ገባሁ።

"ክኒን ስሰጠው ነበር" አልኩ።

"ምን ክኒን?" አለች ዶክተሯ።

"ፕሪድኒሶሎን። በቀን አራት።"

"ለምን ያህል ጊዜ?"

"ስምንት ወር።"

"መቼ አቆመ?"

"ከአራት ቀን በፊት። ያስቆምኩትም እኔ ነኝ።"

አልሰደበችኝም። ወደ ነርሷ ዞራ "የሃይድሮኮርቲዞን መርፌ፣ ቶሎ!" አለች። ከሰዓት በኋላ ጫላ ዓይኑ ተከፈተ፣ ግፊቱም ተስተካከለ። አዴ ብርቄ ግን ወደ እኔ አላዩም።

ዶክተር ሃና ኋላ ላይ ቢሮዋ አስቀምጣ አስረዳችኝ። "ሰውነታችን ክኒኑ ውስጥ ያለውን ዓይነት ነገር በራሱ ይሠራል። ከውጭ ሲሰጡት ሥራውን ለክኒኑ ትቶ ይቀመጣል። እርስዎ ክኒኑን ድንገት ሲነጥቁት ባዶ እጁን ቀረ። እንዲህ ዓይነቱ መድኃኒት ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።" ይህን ያቺ ባለሙያም አዳራሹ ውስጥ ተናግራው እንደነበር አሰልጣኝ ደረጀ ነገረኝ። እሱ ጽፎታል።

የዳሌው ሕመም ግን አልተወውም። አዲስ አበባ ተልኮ ራጅ ሲነሣ የጭኑ አጥንት ራስ ደም አጥቶ እየሞተ መሆኑ ታየ። ሩጫው በዚያ አበቃ።

ክለቡ ስብሰባ ጠራ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ዳሌውን ያበላሸው ክኒኑ ነው ወይስ የወንጪው መውደቅ? ዶክተር ሃና ተጋብዛ መጣች።

"ራሱን ስቶ የወደቀበትን ምክንያት ከጠየቃችሁኝ ክኒኑ በድንገት መቆሙ ነው፤ ለዚህ እፈርማለሁ" አለች። "ዳሌውን በተመለከተ፣ ይህ መድኃኒት በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ እንዲህ ያለ ጉዳት እንደሚያመጣ ይታወቃል። ከባድ አወዳደቅም ሊያመጣው ይችላል። ምክንያቱ የማይታወቅበት ሰውም አለ። ክኒኑ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። እሱ ነው ብዬ ግን አልምልም።"

ሥራ አስኪያጁ "እንግዲያው አልተረጋገጠም" ብለው መዝገባቸውን ዘጉ። ከሥራ አሰናበቱኝ፤ ክስ ግን የለም ተባለ። አሰልጣኝ ደረጀ በር ላይ "ታዴ፣ ተረፍክ" አለኝ።

የጥርስ ሕመምን ሳይቀር ያለ ምስክር በስቴሮይድ ሳመካኝ የነበርኩት ሰውዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥንቁቅ ተመራማሪ ሆንኩ። የጠየቀኝን ሁሉ "ነገሩ ማስረጃ ይፈልጋል" እላለሁ። "ሳይንስ እንዲህ በችኮላ አይፈርድም" እላለሁ። የወንጪን ቁልቁለት በየቡና ቤቱ ስገልጸው ቁልቁለቱ በየቀኑ እየረዘመ ሄደ።

ከወር በኋላ ጉደር ወረድኩ። ጫላ ደጃፍ ላይ፣ ክራንቹን አጠገቡ አጋድሞ ተቀምጧል። አዴ ብርቄ ሽንኩርት ይለቅማሉ። ቁጭ በል አላሉኝም።

"ኦቦ ታደሰ፣ የልጄን እግር የበላው ክኒኑ ነው?" አሉኝ።

"ዶክተሯ ሳይሆን አይቀርም ብላለች፤ ወንጪም ወድቆ..."

"ዶክተሯን አልጠየቅኩም፤ አንተን ነው የጠየቅኩት።" እስከዚያ ቀን "እርስዎ" ነበር የሚሉኝ።

የተለማመድኩትን ንግግር ተውኩት። "እኔም አላውቅም፣ አዴ" አልኩ። "የማውቀው ምን እንደሆነ ሳልነግረው መስጠቴን ነው። ነግሬው ቢሆን ሐኪም ይጠይቅ ነበር፤ ይተርፍም ነበር። ይቅር በሉኝ።"

አዴ ብርቄ ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። የተናገረው ጫላ ነው።

"ጋሼ፣ ብትነግረኝም እወስደው ነበር" አለ። "ባኮን ማሸነፍ እፈልግ ነበር። ግን የምወስነው እኔ ነበርኩ።"

ከዚያ በኋላ በሌሎች ከተሞች ለብዙ ዓመት ሠርቼ አሁን አርፌያለሁ። ሥራውን ለምትጀምሩ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ለሰው የምትሰጡትን ነገር ስሙን ንገሩት።