የአባቴ መቶ

ክረምት በመጣ ቁጥር አባቴን «ደብረ ታቦር ወርደው ከእኔ ጋር ይክረሙ» ብዬ መለመን የየዓመቱ ሥራዬ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ከከተማው በላይ ባለችው መንደራችን ብቻቸውን ናቸው፤ ከቤታቸው ግን ንቅንቅ አይሉም። ስለዚህ አሮጌ ስልኬን ሰጠኋቸው። መንደሩ መብራት ስለሌለው ቅዳሜ ለገበያ ሲወርዱ እኔ ቤት ቻርጅ ይደረጋል፤ ከዚያ ማታ ማታ ድምፃቸውን እሰማለሁ።

አንድ ቅዳሜ ተቆጥተው መጡ። ስልኩን ማታ ለእኔ ብቻ እየከፈቱ፣ ረቡዕ ላይ ባትሪው አልቆ ጠፍቶባቸዋል።

«መቶ ሞልቷል ብለሽ ነው የሰጠሽኝ። ማነው የቀነሰብኝ?» አሉ።

መቶኛን ለሰባተኛ ክፍል ልጆች በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ትዕግሥቴም በየዓመቱ ያልቃል። ለአባቴ ግን ባልዲና ጣሳ አምጥቼ ሁለቱንም ውኃ ሞላኋቸው።

«ባልዲው ሞልቷል?»

«ሞልቷል።»

«ጣሳውስ?»

«እሱም ሞልቷል።»

«እንግዲህ ሁለቱም መቶ ናቸው። ስልክ ሲያረጅ ከባልዲ ወደ ጣሳ ይወርዳል፤ መቶ ሞላሁ ማለቱን ግን አይተውም።»

«ይዋሻላ!»

«አይዋሽም፣ አባዬ። መቶ የሚለው ከሚይዘው ነው። የሚይዘው ነው ያነሰው።»

ጣሳውን አንስተው ውኃውን ጠጡና «ይሄስ ገባኝ» አሉ።

ባትሪውን አስቀየርኩላቸው። ከዚያ ወዲያ ማታ «እንዴት ዋሉ?» ስላቸው መልሳቸው «መቶ ነኝ!» ሆነ። ብለው ይስቃሉ፤ ያቺን ሳቅ ሰምቼ ደስ ብሎኝ እተኛለሁ። ክረምቱ ሲገባ ስልኩን በጎረቤት ይልኩልኝ ጀመር። ጭቃውን ፈርተው ነው ብዬ አለፍኩት።

ዝናቡ ሲያባራ አንድ እሑድ ወደ መንደሩ ወጣሁ። በቅዳሴው ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ሁልጊዜ የሚቆሙባት ቦታ ባዶ ናት። አባቴ ቅዳሴ ሲያስታጉሉ አይቼ አላውቅም። ወደ ቤታቸው ሮጥኩ።

ደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መልሰው ተቀምጠዋል። በባትሪ በሚሠራ ድምፅ ማጉያ የሚሰማውን ቅዳሴ በለሆሳስ ይቀበላሉ። ጎረቤታቸው ሴትዮ አይታኝ ጠጋ አለችና «ከሰኔ ወዲህ ጉልበታቸው ከአጥሩ አላለፈም፤ እንዳልነግርሽ አስምለውኝ ነው» አለችኝ።

ቅዳሴው እስኪያልቅ እንኳ አልታገሥኩም።

«በየማታው መቶ ነኝ ሲሉኝ አልነበር? ለምን ዋሹኝ?»

«አልዋሸሁም» አሉ ቀስ ብለው። «ከምይዘው ነው ያልኩሽ። ያስተማርሽኝ አንቺው።»

እንዲህ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም። ልቆጣ ብዬ ሆዴ ባባ። አጠገባቸው ስቀመጥ የጋቢያቸውን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ፤ ቅዳሴውን አብረን ጨረስን። ከተማ እንዲወርዱ እንደገና ለመንኳቸው፤ እንደገና እምቢ አሉ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ወደ እሳቸው እወጣለሁ። ማታ ስደውል እንዴት ዋሉ ብዬ አልጠይቅም፤ «ዛሬ እስከ የት ሄዱ?» ነው የምላቸው። «ከአጥሩ አልፌ እስከ ግራሩ» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ እተኛለሁ። «እስከ አጥሩ» ያሉኝ ቀን ግን ቅዳሜን አልጠብቅም።