እትዬ ዝገትና የብረቱ ገንዳ

እትዬ ዝገት ብለን ስም ያወጣንላት እኛ ታማሚዎቹ ነን። ስንጠራት አትቆጣም፤ «ሰው በሚያሳድደው ነገር ቢጠራ ምን ነውር አለው?» ትላለች።

እኔ የከባድ መኪና ሾፌር ነበርኩ። መኪናዬ ተገልብጦ ወገቤ ከተጎዳ በኋላ ወደዚህ ማገገሚያ ማዕከል የመጣሁት በተሽከርካሪ ወንበር ነው። መሬት ላይ እግሮቼ ለስሙ ያህል ነው ያሉት። ጓሮ ባለው መዋኛ ገንዳ ውስጥ ግን ውሃው እስከ ደረቴ ይዞኝ እቆማለሁ፤ እትዬ ዝገት በመጣች ሰሞን አሥራ አንድ እርምጃ ደርሼ ነበር። ሐኪሙ «ከገንዳው ሳትለይ አንድ ዓመት ከሠራህ በምርኩዝ ሄደህ ትወጣለህ» ብሎኛል። ስለዚህ ስለ ገንዳው ሳወራ ደሜ ቢፈላ አትፍረዱብኝ።

የገንዳው ግድግዳ ብረት ነው። ግማሹ ከመሬት በላይ ይታያል፣ ግማሹ አፈር ውስጥ ተቀብሯል። እትዬ ዝገት እዚህ ገንዳ ጠባቂ ሆና ከመቀጠሯ በፊት ሃያ ስድስት ዓመት የነዳጅና የውሃ ታንከር ስትፈትግና ስትቀባ ኖራለች። ባሏ በወጣትነቷ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆች ያሳደገችው በሽቦ ብሩሽ ነው። የቀኝ እጇ ጣቶች ዛሬ ሙሉ በሙሉ አይዘረጉም። የመጣች ዕለት ውሃውን ዞር ብላም አላየችው። ጎንበስ ብላ፣ አፈሩና ብረቱ የሚገናኙበትን ቦታ በጥፍሯ ጫረችና ጥፍሯ ስር የገባውን ቡናማ ዱቄት አሸተተች። «እየተበላ ነው» አለች።

ጥፋቱ የአበባ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን አበባ ይወዳል። እንግዳ ሲመጣ እንዲያምር ብሎ አፈር አስቆልሎ፣ ግድግዳው ሥር ድረስ አበባ አስተክሏል፤ አትክልተኛውም ጠዋትና ማታ ያጠጣል። ብረቱ ማንም በማያየው በኩል፣ ክረምት ከበጋ፣ እርጥብ አፈር ታቅፎ ይኖር ነበር። እኛ ደግሞ «እንዴት ያምራል!» እያልን ፎቶ እንነሳበታለን! ሞኝነታችን ዛሬም ያናድደኛል።

ቢሮው ገብታ ነገረችው። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ። አበባው ይነሳ።»

«እርስዎ ውሃውን ይጠብቁ፤ አበባውን ለእኛ ይተዉልን» አላት።

በማግስቱ አበባዎቹን ከነሥራቸው ነቅላ፣ አንዱንም ሳትጎዳ፣ በአሮጌ ጣሳ በጣሳ አድርጋ ቢሮው በር ላይ ደረደረቻቸው። ሰውዬው እነሱን እየዘለለ ነው የገባው።

ከዚያ መቆፈር ጀመረች። ዙሪያውን በአንዴ አይደለም፤ በኖራ አሥራ ሁለት ቦታ ከፋፍላ፣ አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን አትነካም። ብረቱ እስኪያበራ ትፈትጋለች፣ የዝገት መከላከያ ቀለም ትቀባለች፣ ሲደርቅ ሬንጅ ትደርብበታለች። አፈሩን አትመልሰውም። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ብረቱ ላይ እንዳይተኛ በአፈሩ ቦታ ጠጠር ትሞላለች፤ ከሥሩ ወደ ቦዩ የሚያወጣ ቧንቧ ትቀብራለች። አትክልተኛው እንኳ አኩርፎ አኩርፎ፣ ሦስተኛው ክፍል ላይ ስትደርስ አካፋ ይዞ መጣ።

ሰባተኛውን እንደጨረሰች ክረምቱ ገባ። ሥራ አስኪያጁ አበባው ከሆዱ አልወጣለትም ነበርና የእሷን ሥራ የሚያጣጥልለት ባለሙያ አመጣ። ባለሙያው ገንዳውን ሁለት ጊዜ ዞረና ጻፈ፦ ነገ ውሃው ይፍሰስና ግድግዳው ከውስጥ ይመርመር።

እትዬ ዝገት እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ መጣች። «በዚህ ዝናብ? አፈሩ ውሃ ጠጥቶ አብጧል! እሱ ከውጭ ይገፋል፣ ውሃው ከውስጥ ይገፋል፤ ተደጋግፈው ነው የቆሙት። ውሃውን ካፈሰሳችሁት ግድግዳው እንደ ካርቶን ይታጠፋል።»

«ባለሙያው እሱ ነው ወይስ እርስዎ?» አላት ሥራ አስኪያጁ።

«እሱ ወረቀቱን ያውቃል፣ እኔ ብረቱን አውቃለሁ። እምቢ፣ አሻፈረኝ!»

ግድግዳው ከታጠፈ ሌላ ገንዳ የሚሠራልን የለም። ቦታው የመኪና ማቆሚያ ይሆናል፤ እኔም ዕድሜ ልኬን ወንበሬ ላይ እቀራለሁ። ይሄን ሳስብ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልወሰደኝም። በማግስቱ ጠዋት ውሃ አፍሳሾቹ ሳይመጡ ዘጠኝ ታማሚዎች ገንዳው ውስጥ ገባን። ማን እንደመከረን አልናገርም። ሰው ውስጥ እያለ የማፍሰሻው ቧንቧ እንዳይከፈት የሚል ማስታወቂያ አጥሩ ላይ ተለጥፏል፤ የፈረመበትም ራሱ ሥራ አስኪያጁ ነው።

«ውጡ!» አለ ዳር ቆሞ። ወይ ፍንክች! ዝናቡ አናታችን ላይ ይወርዳል፣ ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል። ዳሌያቸው ተሰብሮ የሚታከሙ አንዲት እናት «ልጄ፣ ገብተህ አውጣን እንጂ» ይሉታል። በዚያ ሱፉ ሊገባ? እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቆሜ አላውቅም። እግሮቼ እስኪዝሉ ቆምኩ፤ ከዛሉም በኋላ ቆምኩ።

ከሰዓት በኋላ ባለሙያው ብቻውን ተመልሶ መጣ። ሰባተኛው ክፍል ጋ ተንበርክኮ ጠጠሩን ገፋ አድርጎ ብረቱን በመዶሻ መታ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠው። ያልተሠራውን ስምንተኛም ውሃ የጠገበውን አፈር ጭሮ መታ፤ እንደ ተበላ ቆርቆሮ ታፍኖ መለሰለት። ከዚያ የመጀመሪያውን ወረቀት ቀዶ ሌላ ጻፈ፦ ክረምቱ እስኪያልፍ ውሃው እንዳይነካ፤ ሴትዮዋ የጀመሩት ሥራ ይጠናቀቅ።

ጮቤ ረገጥን። ሥራ አስኪያጁ ግን የሽንፈት ነገር አንገበገበውና፣ ትእዛዝ ጥሰዋል፣ ታማሚ አሳድመዋል ብሎ በዚያው ሳምንት አሰናበታት። ለቀሩት አምስት ክፍሎች ሌላ ሰው እቀጥራለሁ አለ። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር ሆነ፣ የመጣ ሰው የለም። ስምንተኛው ክፍል ላይ ዝገቱ ቀለሙን እየፈነቀለ ሲወጣ ወንበሬ ላይ ሆኜ አያለሁ። እርምጃዬ ያኔ ሃያ ደርሶ ነበር።

ዝናቡ ባቆመ በመጀመሪያው እሑድ፣ በታማሚ መጠየቂያ ሰዓት፣ ከጠያቂዎች ጋር ተሰልፋ በሩ ላይ አየኋት። የክት ልብሷን ለብሳለች፤ ዘምቢሏ ከብዷታል፤ ከአፉ የሽቦ ብሩሽ እጀታ ብቅ ብሏል። ጥበቃው ተጨነቀ።

«እትዬ፣ እንዳይገቡ ተብሏል እኮ።»

«እንዳትገባ የተባለችው ሠራተኛዋ ናት። እኔ ዛሬ ጠያቂ ነኝ።»

መዝገቡን ገለጠ። «እሺ፣ ማንን ሊጠይቁ መጡ ልበል?»

«ገንዳውን።»

ጥበቃው ወደ ቢሮው መስኮት አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ አቀርቅሮ «ገንዳውን» ብሎ ጻፈ።